በአመድ ያጸዳኋቸው ብርጭቆዎች

ጥቅምት 9 ቀን 2006 ዓ.ም.
እንጅባራ

ጋሼ ይሄነው፣

ደብዳቤ ሲጻፍ ሰላምታ እንደሚቀድም አውቃለሁ። ሰላምታውን ጽፌ ዋናውን ነገር ሳልጽፍ እንዳልቀር ስለፈራሁ ግን እሱን አስቀደምኩ። የላኩልን የድምፅ ማጉያ አይሠራም። ለአባቴም አልነገርኩትም።

አሁን ሰላም ልበልዎ። እግዚአብሔር በሰው አገር ጤናዎን ይጠብቅልን፤ እኛ በቸርነቱ አለን። እኔ የወንድምዎ የዓለምነው ልጅ እታለማሁ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ያቆምኩት የአባቴ ጆሮ ስለባሰበት ነው። የሠራውን የቀርከሃ ወንበር ሊሸጥ ሲወጣ ሰው የሚለውን በእጄ ምልክት የምነግረው እኔ ነኝ። እናቴ ወርቅአየሁ በግራ ጆሮው አፏን ገጥማ ስትጮህለት ይሰማል። የእኔ ድምፅ አይወጣም። ክፍል ውስጥም አይወጣም ነበር።

ዕቃውን ከእርስዎ ዘንድ የተመለሰው ባምላክ ከዳንግላ በሚኒባስ ታቅፎት መጣ። አብራው በመጣችው ትንሽ የድምፅ መቅጃ ውስጥ ያለው የእርስዎ ድምፅ መሆኑን፣ ለአባቴ ብቻ እንደሆነና ሌላ ሰው እንዳይሰማው እንዳሉ ነገረን። አምና የላኩትን ደብዳቤ እናቴ እየጮኸች ስታነብለት አባቴ ምን እንዳለ ሰምተው ይሆናል። «ይሄ የወርቅአየሁ ድምፅ ነው፤ ጎረቤቱም ሰምቶታል። አያ ይሄነው ይቅርታ የሚለኝ ከሆነ በራሱ አፍ ይበለኝ» ነው ያለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድምፅዎን ሰምቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ቀን ሠርቶ ነበር። ባምላክ ገጣጥሞ ማዳመጫውን አደረገለት። ማጉያው ላይ የተሰኩት ሁለት ብርጭቆዎች ውስጣቸው እንደ ፍም ቀላ። አባቴ ትንሽ ቆይቶ «ስሜን ጠራኝ» አለ፤ እንደ ልማዱ በጣም ጮኾ። ከዚያ ማዳመጫውን አወለቀው። «የቀርከሃ ፍቅፋቂ ልብሴ ላይ ተጣብቆ ወንድሜን አልሰማም። እሑድ ገላዬን ታጥቤ፣ ነጠላ ለብሼ ነው የምሰማው» አለ።

እሑድ ጠዋት እሱ ሳይነሳ ስሞክረው በግራ በኩል ዝም ብሏል። በቀኝ በኩል እንደ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይንጫጫል እንጂ ቃል አይለይም። አባቴ ታጥቦ፣ ነጠላ ለብሶ መጣ። መብራት የለም ብዬ በእጄ አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ መብራት የለም እለዋለሁ። ማታ አምፖሉ ሲበራ ካየ ኃይሉ ደካማ ነው እለዋለሁ። ያምነኛል።

ጤና ጣቢያ ያየችው ሴትዮ የግራው ጆሮም እየሄደ ነው፣ ዓመት መቆየቱንም እንጃ ብላለች። ምን ላድርግ?

ልጅዎ እታለማሁ ዓለምነው


ኅዳር 16 ቀን 2006 ዓ.ም. (በጣቴ ቆጥሬ ነው፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ)
ቮሮኔዥ

የወንድሜ ልጅ እታለማሁ፣

የአባቶቻችን አምላክ አንቺንም ቤታችሁንም ይጠብቅ። ደብዳቤሽ በአምስት ሳምንቱ ደረሰኝ። የእጅ ጽሑፍሽ የዓለምነውን አያያዝ ይመስላል ልል ነበር፤ ለካ እሱ ፊደል አልቆጠረም። ያም የኔ ዕዳ ነው።

ደውዬ ባስረዳሽ ይቀል ነበር። አልችልም። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ።

እኛ በሙያው እነዚያን ብርጭቆዎች ቲዩብ እንላቸዋለን። ድምፁን የሚያጎሉት እነሱ ናቸው፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። የመኪና መንገድ ብዙ ጊዜ ያላላቸዋል። እንዲህ አድርጊ። ዕቃውን ከመብራት ንቀይና ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ሳለ ያቃጥላል። ቲዩቡን በደረቅ ጨርቅ ያዢና ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢው። አደራሽን፣ እንደ ቤት አምፖል አይጠመዘዝም። ከሥሩ ዘጠኝ ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ አንዱ ከጎበጠ ሁሉም ነገር ይበላሻል። እግሮቹን ከቀዳዳዎቹ ጋር አገጣጥመሽ በዝግታ መልሰሽ ተጫኚው። መላላት ብቻ ከሆነ በዚህ ይድናል።

ካልዳነ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛውሪ። ዝምታው አብሮ ከተዛወረ ጥፋቱ የቲዩቡ ነው። ዝምታው እዚያው ከቀረ ጥፋቱ የመሰኪያው ነው።

ብርጭቆው ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ፊደልና ቁጥር አለ። የሩሲያ ፊደል ስለሆነ አታነቢውም፤ እንደ ሥዕል ገልብጠሽ ላኪልኝ። ዕቃውን የገዛሁት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ከሁለት ዓይነት ቲዩብ በአንዱ ብቻ ነው የሚሠራው፤ በችኮላ ስለነበርኩ የትኛው እንዳለበት አልመዘገብኩም። የተሳሳተው ከተሰካ ዕቃው ይቃጠላል። ስለዚህ ያለ ቁጥሩ ምንም መላክ አልችልም።

ዓለምነው ስሙን ስጠራው ፊቱ ምን መሰለ? እሱን አልጻፍሽልኝም።

አጎትሽ ይሄነው


ታኅሣሥ 25 ቀን 2006 ዓ.ም.
እንጅባራ

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ይሄነው፣

እንኳን ለጌታችን ልደት አደረስዎ። በዓሉን በጤናና በሰላም ያሳልፍልዎ።

ያሉኝን ሁሉ አደረግኩ። መልሼ ብጫነው አልዳነም። ሳዛውራቸው ዝምታው ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ጫጫታውም ወደ ግራ መጣ። ስለዚህ ጥፋቱ የቲዩቡ ነው።

ብርጭቆው ላይ ምንም ጽሑፍ የለም።

እናቴ ለሬዲዮ ጠጋኙ ለደሴ አሳዪው ስላለችኝ ወሰድኩለት። ገልብጦ አየውና ሱቁ ውስጥ ለነበሩት ሰዎች ከፍ አድርጎ አሳያቸው። «ይሄ የንጉሡ ዘመን ዕቃ ነው! ልጅቷ መብራት ይዛ መጣች ወይስ ሬዲዮ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። የማዳመጫውን ገመድ ከራሱ ዕቃ ጋር ሊያገናኝ ሞክሮ አልገጠመለትም። ከዚያ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ግዴለሽም፣ መቅጃዋን አምጪያት፤ በሞንታርቦ እለቅላችኋለሁ። አባትሽ ቀርቶ ማዶ ጥርባ መንደር ያለ ሰው ይሰማል» አለኝ። ድምፁ ለአባቴ ብቻ መሆኑን ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ አፌ አልተከፈተም። ዕቃውን አንስቼ ወጣሁ።

ስለ ፊቱ ጠይቀውኝ ነበር። መጀመሪያ የደነገጠ መሰለኝ። ከዚያ ግን ማዳመጫውን ካወለቀ በኋላም ጆሮውን በእጁ ሸፍኖ ቆየ፤ የገባው ድምፅ እንዳይወጣበት የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ልጅዎ እታለማሁ


ጥር 30 ቀን 2006 ዓ.ም.
ቮሮኔዥ

ልጄ እታለማሁ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።

ጽሑፍ የለውም ማለትሽ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ቁጥሩን ባልመዘግበውም ነጭ ፊደል ነበረበት፤ ሁለቱም ላይ። ጽሑፍ የሌለው ቲዩብ በዚህ አገር አይሠራም። እንግዲያው መንገድ ላይ ሰው ለውጦታል ማለት ነው። ዕቃው ደግሞ ከባምላክ እጅ ሌላ እጅ አልገባም።

ባምላክ እዚህ ሲማር አራት ዓመት ቤቴ እየመጣ ይበላ ነበር። እንደ ልጄ ነው ያየሁት። ቢሆንም የሚሰማኝን ጻፍኩለት። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ አሮጌ ቲዩብ የሚፈልጉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ።

ጽሑፌ ቢንቀጠቀጥ ይቅር በይኝ፤ ተኝቼ ነው የምጽፈው። ቶሎ መልሺልኝ። ዓለምነው እናትሽ ስትጮህለት አሁንም ይሰማል? መጀመሪያ እሱን ጻፊልኝ።

አጎትሽ ይሄነው


መጋቢት 14 ቀን 2006 ዓ.ም.
እንጅባራ

ጋሼ ይሄነው፣

እግዚአብሔር ይማርዎ። ይሰማል፤ ግን ድሮ እናቴ አንድ ጊዜ ስትጮህ ይሰማ የነበረውን አሁን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ትደግምለታለች።

ባምላክ ባለፈው ቅዳሜ መጣ። የእርስዎን ደብዳቤ በእጁ ይዞ ነበር። ሰላም ሳይለን ነው የገባው።

«እታለማሁ፣ እኔ ሌባ ነኝ?»

«በስመ አብ! ምን ነካህ ባምላክ?» አለች እናቴ።

«ጋሽ ይሄነው ይጠይቁኛላ! አውሮፕላን ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ያመጣሁት። የዳንግላው ሹፌር ከላይ ይጫን ሲለኝ ተጣልቼ፣ ሰው ሁሉ 'ምን ተሸክሞ ነው፣ ታቦት ነው እንዴ' እያለ ሲስቅብኝ ነው ያመጣሁት! ዛሬ ሸጥከው እባላለሁ?»

አባቴ አንድ ቃል አልሰማም። የባምላክን አፍ አይቶ ደስ አለው። «ባምላክ! አንተ እኮ ባለውለታዬ ነህ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ዕቃው ደህና ነው። መብራቱ ነው እንጂ ያስቸገረን። እታለምን ጠይቃት፣ እሷ ናት የምትጠብቀው!»

ባምላክ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሲወጣ እስከ አስፋልቱ ተከተልኩት። ስሙን ልጠራው ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ሚኒባስ መጣና ገብቶ ሄደ።

ጋሼ፣ ሌባ የለም። እኔ ነኝ።

ባምላክ ዕቃውን ባመጣ በማግስቱ፣ ለእሑዱ ይመርልን ብዬ ላጸዳው ተነሳሁ። ሁለቱ ብርጭቆዎች ጫፋቸው ላይ ጠቁረው ነበር። ፋኖስ ሲያጨስ መስታወቱ እንደሚጠቁረው ማለት ነው። እኛ የፋኖስ መስታወት የምናጸዳው አመድ ነፍተን በእርጥብ ጨርቅ ነው፤ ያንን ካደረጉ እንደ አዲስ ይሆናል። ብርጭቆዎቹን እንደ አምፖል ጠምዝዤ አወጣኋቸው። አመድ አድርጌ ፈተግኳቸው። ጥቀርሻው እምቢ አለኝ። የበለጠ ፈተግኩ። ጎኑ ላይ የነበረው ነጭ ነገር ሲለቅ ግን አየሁ፤ «እሰይ፣ ይሄስ ለቀቀ» አልኩ። ጋሼ፣ ጽሑፉ እሱ ነበር። ሁለቱንም አጠፋኋቸው።

እንዳይጠመዘዝ ብለው የጻፉትን ሳነብ ብርጭቆዎቹን ነቀልኳቸው። ከሥሩ ሳይ ከአንዱ ብርጭቆ እግሮች አንዱ ጎብጦ፣ በእግሮቹ መካከል አመድ ገብቷል። ያንን አልጻፍኩልዎትም። ጽሑፍ የለውም ያልኩት እውነት ስለሆነ ውሸት አይደለም እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ባምላክ ከሄደ በኋላ ላስተካክለው ብዬ በአባቴ ፒንሳ የጎበጠውን እግር ስይዘው ተሰበረ። ከሥሩ ብርጭቆው ስንጥቅ አወጣ። አሁን ያ ጫፉ ላይ የነበረው ጥቁር እንደ ወተት ነጭ ሆኗል። ያን ያህል ፈትጌው ያልለቀቀው በራሱ ጊዜ ነጣ።

አባቴ በየእሑዱ ይታጠባል። ነጠላውን ለብሶ ይቀመጥና ወደ እኔ ያያል። እኔ መብራት የለም እለዋለሁ።

እባክዎን ለባምላክ ይጻፉለት። እኔ ልነግረው አልቻልኩም።

እታለማሁ


ሚያዝያ 20 ቀን 2006 ዓ.ም.
ቮሮኔዥ

ልጄ እታለማሁ፣

ክርስቶስ የተነሳበት ሰሞን ነውና ሰላሙ ከእናንተ ጋር ይሁን። ለባምላክ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ጻፍኩለት። ከአንቺ ይልቅ የበደልኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ዝም አልሽ፣ እኔ ግን ሌባ አልኩት።

ጥቀርሻ የመሰለሽ ነገር ያለው ከብርጭቆው ውስጥ ነው። በአመድም በሳሙናም አይለቅም። ውስጥ የቀረ ትንሽ አየር ቢኖር እንዲበላው ሲሠራ የሚቀባ ነው። ነጭ የሚሆነው ብርጭቆው ተሰንጥቆ አየር ሲገባ ነው። ነጭ ከሆነ ቲዩቡ ሞቷል፤ ማንም አያድነውም። ባንቺ አልፈርድም። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ ኖሬ ስለ ጽሑፉ የጻፍኩልሽ ከጠፋ በኋላ ነው። ዕቃውን ስልክላችሁ «ጫፉ ጥቁር ነው፣ አትንኩት» የሚል አንድ መስመር ባኖርበት ምን ነበረበት?

ሌላ ለመግዛት ሰው ጠየቅኩ። አሁን ያለ ቁጥርም ቢሆን፣ ቢቃጠልም ይቃጠል ብዬ ሁለቱንም ዓይነት አስመጥቼ ልልክ ነበር። ሁለት ወር ይፈጃል አለኝ፤ ከዚያ መንገዱ አለ። እኔ ያን ያህል ጊዜ የለኝም።

ለምን እንደማልደውል ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ ጨዋ ልጅ ነሽ። ጳጉሜን ላይ ሐኪሞች ጉሮሮዬን ቀደው በሽታውን ሲያወጡ ድምፄ አብሮ ሄደ። መቅጃዋ ላይ የተናገርኩት ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። አሁን በሽታው ከጉሮሮዬ አልፎ ወርዷል። ሌላ መቅዳት አልችልም።

ስለዚህ ማጉያውን ተዪው። መቅጃዋን በተራ የጆሮ ማዳመጫ አንቺ ስሚያት፤ ለአንቺ ጆሮ ይበቃል። ከዚያ ለዓለምነው ንገሪው። በራሱ አፍ ይበለኝ ማለቱን አልረሳሁም። ነገር ግን በዳይ ራሱ መቅረብ ሲያቅተው ሽማግሌ ይልካል። አባታችን አድማሴ ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ ከኋላው ሄጄ አይቻለሁ። ከደጅ ይቆማል። ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ የቀረበለትንም አይቀምስም። ሴት ልጅ፣ ያውም በአንቺ ዕድሜ፣ ለሽምግልና ስትላክ አላየሁም። እኔ ግን ከአንቺ ሌላ የምልከው የለኝም። እታለማሁ፣ ልኬሻለሁ።

የምትሰሚው ነገር ደስ አይልም። ከሰማሽው በኋላ አጎቴ ብለሽ መጻፍ ከከበደሽ ስሜን ብቻ ጻፊ።

ይሄነው


ሰኔ 11 ቀን 2006 ዓ.ም.
እንጅባራ

ጋሼ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስ በምን ሁኔታ እንደሚያገኝዎ አላውቅም። እግዚአብሔር ደግ ነው ብዬ እንደ ሁልጊዜው እጽፋለሁ። አጎቴ ማለትም አልከበደኝም።

ሰማሁት። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ለመስማት አሥር ቀን ፈጀብኝ። ድምፅዎ የአባቴ ድምፅ ነው፤ ማንም እንዲህ እንደሆነ አልነገረኝም። አባቴ የማይጮህ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይናገር ነበር ማለት ነው።

አባቴ «ለውትድርና የሄድኩት ዕጣ ወጥቶብኝ ነው» ይላል። ለእኔም ለእናቴም ያለን ይህን ነው። ቀበሌ ከአድማሴ ቤት አንድ ወንድ ሲፈልግ ተራው የእርስዎ እንደነበር፣ የውጭ ትምህርቱ እንዳያመልጥዎ ፈርተው፣ እሱ ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ቀርከሃ ሊቆርጥ በሄደበት ስሙን እርስዎ እንዳስጻፉ፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ ሳለ አሥራ ስምንት ነው እንዳሉ አያውቅም። ጆሮውን መድፍ እንደበላው ሲሰሙ ነው መጻፍ የተዉት። እሱ የተቀየመዎ እንደ እንጀራ ልጅ ዝም ስላሉት ብቻ ነው። የዝምታዎን ይቅርታ ነው ነጠላ ለብሶ የሚጠብቀው። ይህንን አይደለም።

ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሳልነግረው ብቀር ጆሮው በሰላም ይዘጋል፤ እርስዎ ደግሞ... ልጽፈው አልፈልግም። እናቴን ልጠይቃት አሰብኩ፤ እርስዎ ግን ለእሷ አልላኩትም። ለማንም የማይነገር ነገር ይዤ ዕቃ አጥባለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ። አንዳንዴ አባቴ ቀርከሃውን ሲሰነጥቅ እጆቹን አያለሁ። በዚያን ጊዜ እንደ እኔ ነበሩ ማለት ነው፤ ትንንሽ።

ባምላክ መጥቶ ነበር። ደብዳቤዎ ደርሶታል። «አንቺ ልጅ፣ ያኔ አስፋልቱ ላይ ድምፅሽ ቢወጣ ኖሮ እኔ ሁለት ወር ሌባ ሆኜ ባልከረምኩ» አለኝ፤ እየሳቀ ነው፣ ግን እውነቱን ነው። ሐሙስ ዕለት ሰው በሌለበት በጥርባ መንገድ ወጥቼ መጮህ ሞከርኩ። መጀመሪያ ሳል ብቻ መጣ። ቀጥሎ የወጣውን አንድ በሬ ሰምቶ ቀና አለና መልሶ ሣሩን ጋጠ። ሦስተኛው ይሻላል። ጉሮሮዬ ግን እስካሁን ያመኛል።

አባቴ አሁን እናቴ አራት ጊዜ ስትጮህ ነው የሚሰማት። ከዚህ በላይ መጠበቅ አልችልም።

ነገ የሰኔ ሚካኤል ነው። እናቴም ጎረቤቱም ታቦት ሊሸኙ እስከ ቀትር አይመለሱም። አባቴ ስብከቱ አይሰማኝም ብሎ ከቅዳሴ በኋላ ብቻውን ይመጣል። እሱ ከመምጣቱ በፊት ከቤት እወጣለሁ። ገብቶ ሲቀመጥ በሩ ላይ መጥቼ እቆማለሁ፤ ቢንኳኳ ስለማይሰማ ቀና ብሎ እስኪያየኝ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ጥፋቱ የመብራቱ እንዳልነበረ፣ የእኔ እንደነበር፣ በአመድ እንዳጠፋሁት እነግረዋለሁ። ከዚያ ጠጋ ብዬ በግራ ጆሮው አፌን ገጥሜ የእርስዎን እነግረዋለሁ፤ እንዳሉት፣ ምንም ሳላሳምር። ቢቆጣኝም፣ ውጪልኝ ቢለኝም፣ ምን ሆነሽ ነው የምትቆሚ ግቢ ተቀመጪ ቢለኝም፣ መልሱን በአፉ እስኪነግረኝ ድረስ አልቀመጥም።